ሳልላጭ አልሞትም ያለው እጀታ ሠሪ

ኪ ኪ ኪ… ቆዩ፣ ቆዩ እስቲ ትንፋሼ ይመለስ! የአያ ጓንጉል ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ጎኔን ይወጋኛል። ምኑን ሰማችሁና ነው ከአሁኑ ፊታችሁን የምታጨማድዱት? የሞት ወሬ ነው፣ አልዋሽም። ዋናው ግን መጨረሻው ላይ ነው ያለው። ሰውዬው የተናገራት ቃል ጋ እስክደርስ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሳ!

አያ ጓንጉል የምላጭ እጀታ ሠሪ ነበር። ምላጭ ስል ያንን ታጣፊውን፣ ፀጉር አስተካካይ በጠፍር ላይ ጧ ጧ እያደረገ የሚያፋጨውን ነው። ከወይራ ይሠራል፣ ከጽድ ይሠራል፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰንደል ካገኘማ እንደ ሙሽራ አቅፎት ያድራል። ነፍሱ ግን ዞጲ ላይ ነች። ዞጲ ማለት ከቆላ በግመል የሚመጣ፣ ውሃ ውስጥ ሲጥሉት እንደ ድንጋይ የሚሰምጥ፣ ልቡ ከል የለበሰ ጥቁር እንጨት ነው። የከተማው ወንድ ሁሉ አገጭ በአያ ጓንጉል እጀታ ነው የጸዳው። የራሱ ምላጭስ? እጀታውን ምስጥ በልቶት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይኖራል። አልጋው ሥር አንድ የዞጲ ጉማጅ አስቀምጦ «ይሄ የኔ ነው፣ ጊዜ ሳገኝ» ይል ነበር። ጊዜ አላገኘም። በሽታ አገኘው።

ታመመ፣ ከሳ፣ የወፈረው ጺሙ ብቻ ነው። አልጋው ላይ የተኛው እሱ ይሁን ጺሙ መለየት እስኪያቅተን ድረስ! የምታስታምመው አንድ ልጁ ደብሪቱ ነች። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፣ ሌላ ዘመድ የላትም።

አንድ ማለዳ ጠራት።

«ደብሬ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ምላጬን ዞጲ አልብሺና ላጪኝ። እናትሽ ጺም አትወድም። እንዲህ ሆኜ ብሄድ በር አትከፍትልኝም። ሳልላጭ አልሞትም።»

ጎረቤታቸው ብርቄ፣ ያቺ አፏ የማያርፈው፣ «ኧረ እኔ የሱቅ ምላጭ ልግዛልህ፣ አያ ጓንጉል!» ብትለው፣ «ስንቱን ወንድ በዞጲ አሳምሬ እኔ በቆርቆሮ ልሂድ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የደብሪቱ ዓይን በእንባ ግጥም አለ። ብርቄ በክርኗ ጎሸመቻት። «ዋጪው! በቁሙ ላለ ሰው አይለቀስም። ሞት ለቅሶ ከሰማ ቤቱን ለየው ማለት ነው!» ደብሪቱም እንባዋን ዋጠች።

ሄደች ወደ ምላጩ። «ምላጭ ሆይ፣ ላጭልኝ፤ አባቴ ሳልላጭ አልሞትም አለ።»

«አልላጭም» አለ ምላጭ። «ራቁቴን ነኝ። በጨርቅ ይዘሽኝ ከእጅሽ ብንሸራተት የምቆርጠው ጺም አይደለም፣ ጉሮሮ ነው። ዞጲ እጀታ ይሁነኝ።»

ሄደች ወደ ዞጲው። ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ጎተተችው። «ዞጲ ሆይ፣ እጀታ ሁንልኝ፤ ምላጭ አልላጭም አለ፣ አባቴ ሳልላጭ አልሞትም አለ።»

«አልሆንም» አለ ዞጲ። «ከሀገሬ ቆርጣችሁ፣ በግመል ጭናችሁ አመጣችሁኝና አልጋ ሥር ረሳችሁኝ። ዛሬ ሲጨንቃችሁ ነው ስሜ የመጣላችሁ? ልቤ ደንድኗል። መጋዝ ካልቆረጠኝ ንቅንቅ አልልም።»

ሄደች ወደ መጋዙ። «መጋዝ ሆይ፣ ቁረጥልኝ፤ ዞጲ እጀታ አልሆንም አለ፣ ምላጭ አልላጭም አለ፣ አባቴ ሳልላጭ አልሞትም አለ።»

«አልቆርጥም» አለ መጋዝ። «አባትሽ ከተኛ ወዲህ ማን አየኝ? ጥርሴ አልቆ ድድ ነው የቀረኝ። በድድ ዞጲ ይቆረጣል? ሞረድ ይሳለኝ።»

ሄደች ወደ ሞረዱ። «ሞረድ ሆይ፣ ሳልልኝ፤ መጋዝ አልቆርጥም አለ፣ ዞጲ እጀታ አልሆንም አለ፣ ምላጭ አልላጭም አለ፣ አባቴ ሳልላጭ አልሞትም አለ።»

«አልስልም» አለ ሞረድ። «ዝገት በልቶኛል። የኑግ ዘይት ካላሹኝ እኔም እንደ አባትሽ በተኛሁበት ነው የምቀረው።»

ይኼን ስትሰማ ደንግጣ ወደ አልጋው ሮጠች። የሽማግሌው ትንፋሽ እንደ ዶለዶመ መጋዝ ይፋጫል። ጺሙን ዳበሰ።

«ተላጨሁ?»

«ገና ነህ፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ገና ነኝ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። ሕመሙ እንዲህ አጥንቱን እየጋጠው ያቺን ቃሉን ይዞ ነው የሚያቃስት። ሞት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው፣ እንደ ተራ ጠባቂ!

ሄደች ወደ ዘይት መጭመቂያው ቤት። «ኑግ ሆይ፣ ተጨመቅልኝ፤ ሞረድ አልስልም አለ፣ መጋዝ አልቆርጥም አለ፣ ዞጲ እጀታ አልሆንም አለ፣ ምላጭ አልላጭም አለ፣ አባቴ ሳልላጭ አልሞትም አለ።»

«አልጨመቅም» አለ ኑግ። «ወድዶ የሚጨፈለቅ የት አይተሻል? ግመሏ ዞራ መጭመቂያውን ካላዞረችው ጠብ አልልም።»

ግመሏ መጭመቂያው ሥር ቆማለች፣ አንገቷን ደፍታ። ባለቤቷ ጋሽ ኑርዬ ዱላውን ጥሎ ጥግ ተቀምጧል።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ግመልዎ ምን ሆነች?»

«ልጇ ሞተባት፣ ልጄ። መታኋት፣ ለመንኋት፣ አሞገስኋት። ሚስቴን እንኳ እንዲህ አሞግሻት አላውቅም! እንዲያው አንዴ እንኳ አትዞርም።»

ደብሪቱ ጠጋ አለቻት። «ግመል ሆይ፣ ዙሪልኝ፤ ኑግ አልጨመቅም አለ፣ ሞረድ አልስልም አለ፣ መጋዝ አልቆርጥም አለ፣ ዞጲ እጀታ አልሆንም አለ፣ ምላጭ አልላጭም አለ፣ አባቴ ሳልላጭ አልሞትም አለ።»

«አልዞርም» አለች ግመል። «ልጄ ከሞተ ወዲህ የምልሰው የለኝም። ምላሴ ደርቋል። ጨው አስልሱኝ።»

ጨው! ጨው ከየት ይምጣ? የዚያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ የጨው ነጋዴ ማዶ ቀርቷል። ከተማው ሁሉ ወጡም አልጫ፣ ወሬውም አልጫ ሆኗል። ደብሪቱ የየሰዉን በር አንኳኳች። ብርቄ ባዶ የጨው ዕቃዋን ገልብጣ አሳየቻት። «ጨው አልሽኝ? ባሌ ካኮረፈኝ ስንት ጊዜው! ‹ወጥሽ እንደ አንቺ ነው› አለኝ እኮ፣ ያ ጥርሰ ወላቃ!»

ባዶ እጇን ተመለሰችና ግመሏ እግር ሥር ዘጭ አለች። ምን ታድርግ፣ ነገሩን በጣቷ እየቆጠረች ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች። «ግመል ከዞረች ኑግ ይጨመቃል። ኑግ ከተጨመቀ ሞረድ ይስላል። ሞረድ ከሳለ መጋዝ ይቆርጣል። መጋዝ ከቆረጠ ዞጲ እጀታ ይሆናል። ዞጲ እጀታ ከሆነ ምላጭ ይላጫል። ምላጭ ከላጨ አባቴ…»

አባቴ ላይ ስትደርስ ቆጠራዋን አቆመች።

ያን ሁሉ ደጅ የጠናችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገና ገባት። ይኸውላችሁ፣ ስትለምን የዋለችው የአባቷን ሞት ነው! ልነሳና ልሂድ አለች፤ እንዲሁ ጺሙን እንዳጎፈረ ይኑርልኝ አለች። ደግሞ ያ የትንፋሹ መፋጨት ጆሮዋ ውስጥ አለ። «ገና ነኝ» ያለው፣ ጥርሱን ነክሶ ያለው፣ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ብርቄ ዋጪው ያለቻት እንባ ሁሉ ከዋጠችበት ተመልሶ መጣ። ደብሪቱ አለቀሰች። ጉንጯ ላይ ወረደ፣ አገጯ ላይ ወረደ፣ አንገቷ ድረስ ወረደ።

ግመሏ ቀና አለች። አሸተተች። ያን ረዥም አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በሻካራው ምላሷ፣ የደብሪቱን ፊት ከአገጯ እስከ ግንባሯ ላሰችው። ጨው ነው! ደግማ ላሰች። ሌላውን ጉንጭ ላሰች። ልጇን እንደምትልስ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ እንባው እስኪያልቅ ላሰቻት። ጋሽ ኑርዬ ጥግ ሆኖ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ከዚያማ ምን ቀረ! ግመል ዞረች፣ ኑግ ተጨመቀ፣ ሞረድ ለሰለሰ፣ መጋዝ ጥርስ አወጣ፣ ዞጲም ተቆረጠ።

እጀታውን የሠራችው ራሷ ነች። ሴት እጀታ ትሠራለች ወይ እንዳትሉኝ፤ ስታይ ነው ያደገችው። ቢጫውን ቅርፊት ጣለች፣ ጥቁሩን ልብ አስቀረች። ዱቄቱ እንደ ጥላሸት ፊቷ ላይ አረፈ። ሁለት ስስ ገበር አወጣች፤ ምላጩ ሲታጠፍ በመሃላቸው የሚተኛበት። ዞጲ ጥድፊያ አይወድም፣ ከቸኮሉበት ይሰነጠቃል፤ በወስፌ ቀስ እያለች በሳችው። በናስ ሽቦ አጣብቃ፣ ጫፉን ቀጥቅጣ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፋቀችው፤ በተረፈው ኑግ ዘይት አሸችው። አበራ! እንደ ዓይን ብሌን።

ውሃ አሞቀች። ሳሙና መታች። ላጨችው። ጺሙ እየተነሳ ሲሄድ ሥሩ ያለው ፊት ያስደነግጥ ነበር፤ አጥንት ብቻ። ግን ንጹሕ፣ አንድም ቦታ አልደማ። ብርቄም ጎንበስ ብላ አገጩን አየች።

አያ ጓንጉል አገጩን ዳበሰ። ምላጩን ተቀበላት፣ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ። «እስቲ ውሃው ውስጥ ጣይው» አላት። ጣለችው። እጀታው ቁልቁል ሰመጠ። አሁን ገና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ቀጥሎ ፊቷን አየ።

«ጉንጭሽን ምን ላጠው፣ ደብሬ?»

«ግመል ላሰችኝ፣ አባባ።»

«ግመል ምን አግኝታ?»

ደብሪቱ አቀረቀረች። «እንባ።»

ብርቄ «ወይኔ! ለሞት አሰማችው!» ብላ ራሷን ያዘች። አያ ጓንጉል ግን ልጁን እጇን ይዞ፣ በዚያ በተላጨ ፊቱ ትንሽ ፈገግ አለ። ዓይኑን የከደነውም ይቺን ብሎ ነው፤ አንድም አልጨመርኩም፣ አንድም አላጎደልኩም፤

«አልቅሰሽ ጨረስሽ? በይ እንግዲያስ ልሙት፣ ለቅሶሽ በከንቱ አይቅር!»