የጎታው ሥር ልቅልቅ

በገበያም በሸንጎም ሰው እንደ ዋዛ የሚያነሳት አንዲት ተረት አለች። ሲተርቷት ይሳቃል። እንደሚወራው ከሆነ ግን የተወለደችበት ቀን የሚያስቅ አልነበረም፤ አንድ ትዳር ፈርሶባታል።

ጎጃም ውስጥ ስንሻው የሚባል ገበሬ ከእናቱ ከወይዘሮ ደብሬ ጋር ይኖር ነበር። ሚስቱ አንጓች የድሃ መበለት ልጅ ናት፤ አማቷም ይህን አንድ ቀን ረስተውላት አያውቁም። ቤታቸው በጭቃ የተመረገ ነው፤ የጓዳው ግድግዳ ከዕድሜ ብዛት ውስጥ ውስጡን ተቦርቡሯል። እዚያ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ለክረምት የተቀመጠ ጤፍ የያዘ የጭቃ ጎታ ቆሟል፤ ክዳኑም ታሽጓል።

አንጓች ከግድግዳው ውስጥ የአይጥ ኮሽታ የሰማችው ገና በበጋ ነው። ለባሏ ነገረችው፤ ጎታውን ከግድግዳው አርቆ ድንጋይ ላይ እንዲያቆመውም ለመነችው። ስንሻው ዛሬ ነገ ሲል ክረምቱ ገባ። እሷም ሲሰለቻት ከጎታው ሥር ያገኘችውን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነችና እንደ ባለሙያ ሴት ወግ በእበት ለቅልቃ አሳመረችው። ያቺ ሙያዋ ጠላት ሆነቻት።

ነሐሴ ላይ ወይዘሮ ደብሬ የጎታውን ክዳን ቢከፍቱ ጤፉ ተጋምሷል። ጎንበስ ብለው ሲፈትሹ ያን ልቅልቅ አዩ። ሌላ ምስክር አላሻቸውም። ምራታቸው ጎታውን ከሥር በስታ ጤፉን ለእናቷ ስታመላልስ እንደከረመች ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ አንጋፋቸው አባ ይርዳው ነበሩ።

"የደፈንሁስ እኔ ነኝ፤ የበላው ግን አይጥ ነው" አለች አንጓች።

"አይጥ ለበላው አንቺን ምን አስለቀለቀሽ? ዱካውን የሚሸፍን ሌባ ነው" አሉ አማቷ።

አንጓች ወደ ባሏ ዞረች። "ስንሻው፣ ነግሬህ አልነበር? አንተ ታውቃለህ፤ ተናገር።"

ስንሻው ያውቃል። አውቃለሁ ካለ ግን ስንፍናው በሰው ፊት ሊወጣ ነው፤ እናቱም በሐሰት ከሰሱ ሊባሉ ነው። ፈራ። መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። አባ ይርዳው ጥቂት ጠበቁትና፣ ባል እንኳ የማይመሰክርላት ከሆነ ነገሩ እውነት ነው ብለው ፈረዱ። አንጓች ሌባ ተብላ በዚያ ዝናብ ወደ እናቷ ተመለሰች። ስንሻው እስከ በሩ እንኳ አልሸኛትም።

ጥቅምት ላይ ክረምቱ የጎዳውን የጓዳ ግድግዳ አፍርሶ ሊያድስ ጎረቤት ጠራ፤ አባ ይርዳውም መጡ። ስንሻው ዶማውን ቢሰነዝር አይጥ የጎታውን ጀርባ በግድግዳው በኩል በስቶ ያጋዘው ጤፍ ከግድግዳው ሆድ ተዘረገፈ። ከጤፉ መሃል የአይጥ መንጋ ፈልቶ ወጣና ከጓሮ በበቀለው ዳዋ ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ደብሬ ዱላ አንስተው ተከተሉት፤ ቅጠሉንም ቅርንጫፉንም ይወቅጡት ጀመር።

ስንሻው ዶማውን ጣለ። ዝም ያለባትን ሰዓት አስታወሰና ራሱን ጠላ። አባ ይርዳው እግር ላይ ወድቆ ሚስቱን አስታርቀው እንዲያመጡለት ለመናቸው።

"ከየት ላምጣት?" አሉ ሽማግሌው። "በቀደም ነገሩ ከንክኖኝ እናቷ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሌባ ካልናት ወዲያ ጎረቤቱ ፊት ቢነሳት አገር ጥላ ቆላ ወርዳለች። ስትሄድ ምን አለች መሰለህ? 'ዝም ባለበት አፉ ስሜን እንዳይጠራ።'"

ስንሻው የፈሰሰው ጤፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቱ ከጓሮ አሁንም ይመታሉ፤ ዳዋው ረግፎ ግንዱ ቀርቷል፣ አንዲት አይጥ ግን አልተነካችም። አባ ይርዳው ቆመው አዩአቸውና፣ በራሳቸው ፍርድም ጭምር አፍረው አንገታቸውን ደፍተው እንዲህ አሉ፦ "ተይው ደብሬ፣ ዱላሽን አስቀምጪው፤ በዚህ ቤትስ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።"