አያ ጅቦ፣ ሰባቱ ውሾቹና የቆላው ሹመት

አንድ ጊዜ፣ ውሾች ገና ወደ ሰው ደጅ ሳይጠጉ፣ ሰባት የአደን ውሾች ያሉት ጅብ በአንድ የደጋ ጫካ ውስጥ ይኖር ነበር። ጎረቤቶቹ አያ ጅቦ ይሉታል። ሆዳም ነው፣ ነገር ቶሎ አይገባውም፣ ሲሄድም ያነክሳል። ይህን ሁሉ አገር ያውቃል። አደን ግን ከልቡ ይወድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሾቹን ከፊት አስቀድሞ ድኩላ ሲያሳድድ ያየው ሁሉ ሌላ ፍጡር ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን አያ አንበሶ መልእክተኛ ላከበት። ከደጋው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ቆላ ውስጥ፣ እንስሳት ሁሉ የሚጠጡበት ኩሬ አለ። ከርከሮዎች እየገቡ ይንቦራጨቁበትና ያደፈርሱታል። ስለዚህ ጠጪውን ወረፋ የሚያስይዝ ዘበኛ ተፈለገ። ደመወዙ በየሳምንቱ ከአያ አንበሶ ግዳይ አንድ ሙሉ ጎድን ነው። ሕጉም አንድ ብቻ ነው፤ ጠጪዎቹን ስለሚያስበረግግ ውሻ ወደ ኩሬው አይቀርብም።

ጅብና ጎድን! መልእክተኛው ተናግሮ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀም፤ «እሺ» አለ።

ነገሩ ያንገበገባት ጎረቤቱን እመት አህዪትን ነው።

«አያ ጅቦ፣ ውሾቹስ?» አለችው።

«ውሾቹ እዚሁ ይቆያሉ።»

«ማን ጋ?»

«አንቺ ጋ።»

እመት አህዪት የምታኝከው ሣር ከአፏ ወደቀ። «እኔ ጋ? እኔ ሣር በል ነኝ እኮ! ሰባት ውሻ ምን ላብላ?»

«ለአምስት ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ሣር አልምጃቸው።»

«ስማኝ አያ ጅቦ፤ ወይ ሹመቱን ተወው፣ ወይ ውሾቹን ለሌላ አዳኝ ስጣቸው። አንዱን ምረጥ!»

አያ ጅቦ መሬት መሬቱን አየ። «መምረጥ አልችልም» አለ። «ጎድኑን እፈልገዋለሁ። ውሾቹ ደግሞ... ከፊቴ ሲሮጡ እኔም የማነክስ አይመስለኝም።»

እንዲህ ሲላት አንጀቷን በላት። እሺ አለች። አህያ አይደለች፤ ሸክም እምቢ ማለት አታውቅበትም።

ቅዳሜ አያ ጅቦ ምላሱን ጎልጉሎ ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ፣ እመት አህዪት አንድ ቋጥኝ ላይ ቆማለች። ሰባቱ ውሾች ቋጥኙን ከበው ተቀምጠው ወደ ላይ ያዩዋታል።

«መጣህ?» ብላ ጮኸች። «አምስት ቀን ሙሉ እዚህ ላይ ነኝ! ሣሩን አሸተቱና ወደ እኔ ዞሩ። ዛሬ ጠዋት ያቺ መሪያቸው ቡሬ ታፋዬን እያየች ምራቋን ዋጠች!»

«እሷ ስትቀልድ ነው። ቡሬ አትነክስም።»

«አትነክስም? እንግዲያው አንተ ና ውጣና እኔ ልውረድ!»

በዚህ መሃል ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለ። ጎረቤት ሲጣላ እሱ ሩቅ አይሆንም።

«አያ ጅቦ፣ ለምን ትጨነቃለህ?» አለ እየተለሳለሰ። «የአደን ውሻ ሳያድን ከከረመ ሥራውን ይረሳል። አንተ ቆላ ስትውል እኔ ይዣቸው ልውጣ። ውሾቹም ያንተ፣ አደኑም ያንተ። ጭን ጭኑን እልክልሃለሁ።»

የአያ ጅቦ ዓይን በራ። ጎድን ከአንበሳ፣ ጭን ከቀበሮ!

«አንድ ነገር ብቻ ነው ያስቸገረኝ» አለ ቀበሮ። «ልማዱን ታውቃለህ። ግዳይ ሲወድቅ ውሾቹ የሆድ ዕቃውን የሚበሉት ከጌታቸው እጅ ነው። እሱን ማን ያጉርሳቸው?»

ልብ ያለው አዳኝ ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም። የአደን ውሻ ጌታውን የሚያውቀው በዚያች ጉርሻ ነው። እመት አህዪት ሣር በል ሆና እንኳ ይህን ታውቃለች።

«እምቢ በለው!» አለች ከቋጥኙ ላይ። «እባክህ፣ ቢያንስ እሱን ራስህ አድርገው!»

አያ ጅቦ ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። ያን የሆድ ዕቃ ለውሾቹ ሲያካፍል ሁልጊዜ ይከነክነው ነበር፤ አንዱን ለእነሱ ሲያጎርስ ሁለቱን ራሱ ይውጥ ነበር። ከዚህ ጣጣ መገላገሉን እንደ ትርፍ ቆጠረው።

«አንተው አጉርሳቸው» አለ። «እኔ ማየትም አልፈልግም። ጭኑ ብቻ ይድረሰኝ።»

«እንዳልክ» አለ ቀበሮ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣ።

«አይ ጅብ!» አለችና እመት አህዪት ውሾቹ ወደ ቀበሮ ሲዞሩ ከቋጥኙ ወርዳ ሄደች። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

በመጀመሪያው ሳምንት ጭን መጣ። በሁለተኛው ቅልጥም መጣ። ከዚያ በኋላ ሰኮና ሆነ። አያ ጅቦ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን እየወጣ ሲመጣ ደግሞ ውሾቹን ጠግበው ተኝተው ያገኛቸዋል።

«ትናንት ሲሮጡ ውለዋል፣ ይረፉ እንጂ» ይለዋል ቀበሮ።

እሱም የግማሽ ቀን መንገድ ወጥቶ፣ የተኙ ውሾች አይቶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ይወርዳል።

«አሁን ይኼ አደን ነው?» አለችው አንድ ቀን እመት አህዪት፣ ትዕግሥቷ አልቆ።

«እያደንኩ እኮ ነው» አላት። «በቀበሮ በኩል።»

እመት አህዪት ጭንቅላቷን ከግንድ ጋር ልታጋጨው ምንም አልቀራት።

ከዚያ ሰኮናውም ቀረ። በአንድ ረቡዕ ቀን አያ ጅቦ ንዴቱን መቻል አቃተው። ወረፋ የያዙትን ጠጪዎች ጥሎ፣ ለማንም ሳይናገር ወደ ደጋ ወጣ። ገና ጀርባውን ሲሰጥ ከርከሮዎቹ ዘለው ኩሬው ውስጥ ገቡ።

ደጋ ሲደርስ ሜዳው ላይ አንድ ድኩላ ወድቋል። ቀበሮ መሃል ቆሞ የሆድ ዕቃውን ተራ በተራ ያጎርሳል። ሰባቱ ውሾች ጭራቸውን እየቆሉ ዙሪያውን ቆመዋል።

«ቡሬ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ነይ ወደ ጌታሽ!»

ቡሬ ዞራ አሸተተችው። «ጌታችን እያጎረሰን ነው» አለች። «አንተ የድካማችንን ጭን የምትበላው ነህ።»

«እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኋችሁ!»

«አሳደግኸን። ከዚያ ሄድክ።»

ይህ ቃል ልቡን ወጋው። እዚያው ተቀምጦ ቢያለቅስ እንኳ ማንም ባልፈረደበት። ግን ጅብ ነውና ዓይኑ ድኩላው ላይ አረፈ። አንገቱን ወደ ጭኑ ዘረጋ።

«ያዝ!» አለ ቀበሮ፣ ድምፁን ከፍ እንኳ ሳያደርግ።

ሰባቱ አንድ ላይ ተነሡ። አያ ጅቦ ያን የግማሽ ቀን መንገድ እያነከሰ፣ እየወደቀ፣ እየተነሣ ሮጠው። አደን ከፊት ሆነው ሲያዩት ምን እንደሚመስል የዚያን ቀን አወቀ። ቆላ ደርሶ ኩሬው ውስጥ ተወረወረ፤ ውሾቹም ተከትለውት ከከርከሮዎቹ መካከል ገቡ። ጠጪው ሁሉ በርግጎ ተበተነ።

በወዲያኛው ዳር አያ አንበሶ ቆሟል። ውሃ ሊጠጣ መጥቶ ያገኘው ጭቃ ነው።

«ዘበኛዬ የት ነው?» አለ።

«አለሁ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ ከጭቃው ውስጥ።

«እነዚህ ውሾች የማን ናቸው?»

አያ ጅቦ ወደ ኋላው ዞሮ ውሾቹን አየ። የእኔ ናቸው ካለ ሹመቱ ይሄዳል። የእኔ አይደሉም ካለ ውሾቹ ይሄዳሉ። አንዱን አንሥቶ ሌላውን ይጥላል፣ መልሶ ያነሣዋል። እሱ ገና ሲያስብ ቡሬ መለሰች።

«የቀበሮ ነን» አለች።

አያ አንበሶ ጭቃውን ከጢሙ አራገፈ። «እንግዲያው ስለ ውሾቹ አንተን የምጠይቅህ ነገር የለኝም» አለው። «ውጣና ሂድ። ጎድኑን ኩሬውን ለሚጠብቅልኝ እሰጠዋለሁ።»

በማግስቱ አያ ጅቦ ደጋ ወጥቶ ከእመት አህዪት አጠገብ ተቀመጠ። እሷም ልታወርድበት ያዘጋጀችው ብዙ ቃል ነበራት፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ወዲያው ከማዶ የውሾች ጩኸት ተሰማ። ሰባቱ አንድ ድኩላ እያሳደዱ ሜዳውን አቋረጡ። አያ ጅቦ ሳያስበው ብድግ ብሎ ሊከተላቸው ሁለት እርምጃ ሮጠ። ሦስተኛውን ሊራመድ ሲል ዞረው ካዩት የሚያሳድዱት እሱን መሆኑ ትዝ አለውና ቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁለት ቦታ ልገኝ የሚል በአንዱም እንደማይገኝ፣ የሚወደውንም በሌላ እጅ የሚያጎርስ አንድ ቀን ለሚወደው ባዕድ እንደሚሆን ነው።