ሜዳው ምን አፈራ?

ፊታውራሪ አንለይን በአገሩ የሚቀድማቸው አልነበረም። መንገድ ላይ ያገኛቸው ባለበቅሎ ሁሉ ወርዶ እጅ ይነሳና ያሳልፋቸዋል። በጥምቀት ማግስት በግልቢያው ሜዳ ግን የአንድ ጭሰኛ ፈረስ አቧራ አልብሷቸው አለፈ።

በሳምንቱ ሜዳውን ሊያሳርሱ በሬ አስጠምደው መጡ። ፈረሰኛው እየተመናመነ ሜዳው በዓመት አንዴ ብቻ የሚጋለብበት ሆኗልና የሚሟገትለት አልተገኘም፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ዝም አለ። ዳር ላይ ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ብቻ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ይተዉልን!» አለች።

ፊታውራሪ ደስ አላቸው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ አዘጋጅተው ነበር።

«ጤፍ አያበቅል፣ ከብት አያበላ! ይህ ሜዳ ያፈራውን አንድ ነገር ንገሪኝና ልተወው። ካጣሽ አንቺም ጋንሽን ይዘሽ ከአገሬ ውጪልኝ።»

«ሰው እርስዎን ቀድሞ በሰላም ቤቱ የሚገባው እዚህ ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

«ይሄም ፍሬ ሆኖ ነው?»

«ለእርስዎማ ነው እንጂ። እዚህ አንድ ቀን ቀድሞዎት ቁጭቱ ይወጣለትና ዓመቱን ሙሉ እጅ ሲነሳዎት ይከርማል። ሜዳውን ካረሱት ግን፣ እርስዎን መቅደም ያማረው ሁሉ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።»

ፊታውራሪ ዞር ብለው ዝም ብሎ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አዩት።

«በሬዎቹን ፍቱ» አሉ።