የዘበኛው ኩሬ

አንድ ጊዜ ጅብ የአገሩን ኩሬ በእሾህ አጥሮ እንስሳቱን ውሃ ከለከላቸው። ክረምቱ ዘግይቶ ነበር። ንጉሡ አንበሳ ኩሬውን ያስቆፈረው ሁሉም እንዲጠጣበት ነው፤ በዳርቻውም ማንም ማንንም እንዳይነካ አዋጅ አስነግሯል። ጅብን ዘበኛ አድርጎ ሲሾመው ግን የተናገረው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ «ጠብቅ»።

አህያ ውርንጭላዋን በግንባሯ እየገፋች ደረሰች። የልጇ ምላስ ደርቋል፤ መቆምም አቅቷታል።

«አያ ጅቦ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። አንድ ጉንጭ ብቻ ትቅመስ።»

«አይቻልም። የመንግሥት ነው።»

«እኛስ የመንግሥት አይደለንም?»

ጅብ ሊያስብበት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ውርንጭላዋን ሲያይ ግን ምራቁን ዋጠ።

«ለአንቺ ስል ላስተካክልልሽ። አንድ ጆሮዋን ስጪኝና ትጠጣ። ሁለት አላት አይደል?»

አህያ ልጇን አየች። ጆሮዋን አየች። እሺ ልትል ምንም አልቀራትም።

ይህን ጊዜ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለች።

«አያ ጅቦ፣ አፍህ ረጥቧል።»

«ጠጥቼ ነዋ።»

«የመንግሥቱን?»

«ታዲያ የማንን ልጠጣ?»

«ግሩም ነው። እንግዲያው ሄጄ ለንጉሡ ልንገርልህ፤ ሌላውን ከልክሎ ለብቻው ይጠጣል፣ ጆሮም ያስከፍላል እለዋለሁ። ይሸልምህ ይሆናል።»

«ንገሪልኝ» አለ ጅብ ደስ ብሎት። «የጆሮውን ነገር ግን ተይው፤ አካፍለኝ ይላል።»

ቀበሮ ስታልፍ ለአህያ «ጥቂት ታገሽ» አለቻትና ሮጠች።

አንበሳ ከቀበሮ ጋር መጣ። አጥሩን ዞሮ አየ።

«ምን ብዬህ ነበር?»

«ጠብቅ ብለውኛል፣ ጌታዬ።»

«ከምን?»

ጅብ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«ከጠጪ» አለ።

«ከሚያደፈርሰው ነው እንጂ። የምተኛበት ዋሻም የመንግሥት ነው፤ እዚያ ማንም አይገባም። ኩሬው ግን የተቆፈረው ለጠጪ ነው። አጥሩን አንሳና ከፊቴ ጥፋ።»

ጅብ እሾሁን በአፉ እየጎተተ አነሳ፤ ከንፈሩ ደማ። ውርንጭላዋ ጠጣች፤ ቆየት ብላም በእግሯ ቆመች። አህያ የልጇን ጆሮዎች ተራ በተራ ላሰች። ራሷ የጠጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ተባረረ፣ አንበሳ ወደ ዋሻው ተመለሰ፣ ቀበሮም ወደ ጉዳይዋ ሄደች። ኩሬው ዳር አህያና ልጇ ቀሩ።

ከዚህ የምንማረው የመንግሥት ንብረት ለምን እንደተሠራ ያልጠየቀ ሰው የራሱን ድርሻ ከዘበኛ እስከ መግዛት እንደሚደርስ ነው።