የባሕሩ አሳላፊ

በአንዲት የወደብ ከተማ አጠገብ መርከብ ተሰብራ የጫነችው ነዳጅ ባሕሩን ሸፈነው። የወደቡ ሹም ቀኛዝማች አጥናፍሰገድ ነዳጁን ያጠፋል የተባለ መድኃኒት በበርሜል አስመጡ። ደንቡ ግን ዓሣ አጥማጆች «ዓሣ አይጎዳም» ብለው ካልፈረሙበት መድኃኒቱ ባሕር ውስጥ አይደፋም ይላል። አጥማጆቹ ደግሞ ሽታውን ብቻ አሽትተው ሸሹ።

ቀኛዝማች ግብር አበሉና ከአጥማጆቹ መካከል ምላሱ የማያርፈውን ሰው ከፊታቸው አስቀረቡት። አሳላፊው እንደ ወጉ ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ብርሌያቸውን ሞላ።

ቀኛዝማች ከበርሜሉ የተቀዳ መድኃኒት ያለበትን ጠርሙስ ብድግ አድርገው «ይኸ ለዓሣ ወተት ማለት ነው። ፈርም!» አሉት። «እምቢ ካልክ ጀልባህን እወርሳታለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ባሕሩ ላይ በእግርህ ትሄዳለህ!»

አጥማጁ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ እምቢ የምል! ብቻ ለእርስዎ ጠጅ የሚያቀርበው ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል። ዛሬ ደግሞ የባሕሩ አሳላፊ እርስዎ ነዎት። መዳፍዎን ይዘርጉልኝ፤ ጠብ ላድርግልዎ፤ እንደቀመሱ እፈርማለሁ።»

እንግዳው ሁሉ ስለሚያያቸው ቀኛዝማች እጃቸውን ዘረጉ። አጥማጁ ጠርሙሱን ከፍቶ ዘንበል ሲያደርገው ግን ሽታው አፍንጫቸው ደረሰ፤ እጃቸውን መንጭቀው ካባቸው ውስጥ ሸሸጉት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ምን ይገትርሃል? ፈርም እንጂ!» ብለው ጮኹ።

አጥማጁ ጠርሙሱን በቀስታ ከደነና «ከእንግዲህ የኔ ፊርማ ምን ያደርጋል ጌታዬ?» አላቸው። «እጅዎ መስክሮ ገባ እኮ!»