የላምቤቦ ቁጥር

ትቶን የሄደ ሰው ቁጥር የማን ነው? ወገኖች፣ መልሱን ገና አላውቀውም። እስቲ ታሪኩን አብረን እንስማ።

አንድ ሰው ነበር። ሩቅ አገር ተምሮ ወደ ሆሳዕና ተመለሰ፤ የአጥቢያው የአባላት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሥራው ለእርሱ ተሰጠ። አዲስ አባል ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ ራሱ ቀጣዩን ቁጥር ይሰጣል። አንድ ሰው ቢሰረዝ እንኳ ቆጣሪው ወደ ኋላ አይመለስም፤ የዚያ ሰው ቁጥር ባዶ ይቀራል።

በመጨረሻ የተመዘገበው ላምቤቦ ነበር፤ የዚህ ሰው ታናሽ ወንድም፣ የመዘምራኑ ወፍራም ድምፅ። አንድ ቀን ላምቤቦ «አንተ እኮ ፈረንጅ ሆነህ መጣህ» ቢለው፣ «አንተስ መቼ ሰው ሆንክ?» ብሎ መለሰለት። ላምቤቦ ከቤትም ከአጥቢያውም ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

የአጥቢያው ሽማግሌ አቶ ሄራሞ «ሰርዘው» አሉት። ሰረዘው።

«ቆጣሪውንም መልሰው እንጂ! በቁጥራችን መሃል ቀዳዳ ከታየ ሪፖርቱ ላይ ምን ልንል ነው?»

መለሰው። የአንድ መስመር ትእዛዝ ናት።

በማግስቱ ዲንቄ የምትባል ልጅ ተመዘገበች፤ የላምቤቦ ቁጥር ደረሳት። መታወቂያዋ ታትሞ ሲወጣ አንብባ ሳቀች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እንዴ የመዘምራኑ ወፍራም ድምፅ?»

አቶ ሄራሞም ሳቁ። «እስቲ አንዴ አሰሚን!»

እርሱ አልሳቀም። ላምቤቦን የሰረዘው ከአባላቱ ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። የመዘምራኑ ሰንጠረዥ በዚያ ቁጥር ሥር አሁንም ወንድሙን ይጠብቅ ነበር።

ቆጣሪውን ወደ ፊት ገፋው፤ ለዲንቄ የራሷን ቁጥር ሰጣት።

«ቀዳዳውስ?» አሉ አቶ ሄራሞ።

«ይታይ፣ አባባ። ሰው ጎድሎብናል።»

ወገኖች፣ እናንተስ የማንን ቁጥር ለሌላ ሰጣችሁ? ከቤታችሁ ወጥቶ የቀረ የለም? ወንበሩን አንስታችሁ፣ ተጠጋግታችሁ ተቀምጣችሁ፣ «ሞልተናል» አላላችሁም?

አልሞላንም! እግዚአብሔር አንዱን በሌላው አይሸፍንም። ለሚመጣው አዲስ ቁጥር አለው፤ ቁጥር አያልቅበትም። የሄደውንም ስፍራ ይጠብቅለታል። እናንተም ጠብቁ። ጠብቃችሁም ዝም አትበሉ፤ ዛሬውኑ ጥሩት!

ያ ሰው በዚያው ቀን ለወንድሙ መልእክት ላከ፦ «ላምቤ፣ ክፉ ቃል ተናገርኩህ። ቁጥርህን ለሌላ ሰጥቼ ነበር፤ አሁን ግን መልሼ ጠብቄልሃለሁ። ወፍራም ድምፅ የለንም፤ ና።»

መልስ አልመጣም። ቁጥሩ ዛሬም የላምቤቦ ነው።