የኮክ ዳቦና አንድ ጭብጥ ሊጥ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከወንዙ ዳር ያለው የኮክ ዛፍ አርባ አንድ ፍሬ ይዞ መብሰል ጀመረ። የዛፉ ጎረቤት አያ ጅቦ ነበር። አብራው የምትኖረው አሮጊት እናቱ ሦስት ጥርስ ብቻ ቀርቷታል፤ ሦስቱም አይገናኙም። አጥንት መቆርጠም ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጠግባ የምትበላው ለስላሳ የኮክ ዳቦ ነው፤ እሱም የሚገኘው በዓመት አንዴ ነው።

«ልጄ፣ ኮክ ከበሰለ የሚቆየው ዘጠኝ ቀን ነው» አለችው። «በየሦስት ቀኑ ብትጋግርልኝ ሦስት ዳቦ ይሆናል። ሦስት ዳቦ ከበላሁ ክረምቱን እሻገራለሁ። ብቻ ሊጡ ኩፍ ሲል፣ ኮኩን ከመጨመርህ በፊት፣ አንድ ጭብጥ ቆርሰህ ወደ ማሰሮው መልስ። ለሚቀጥለው እርሾ የሚሆንህ እሱ ነው።»

«እሺ እማዬ።»

አያ ጅቦ በማሰሮው የነበረውን እርሾ ሁሉ ከዱቄት ጋር አቦካ። አሥራ ሦስት ኮክ ዘሩን አውጥቶ ከተፈ። ሊጡ ኩፍ ሲል አንድ ጭብጥ ቆርሶ ወደ ማሰሮው ሊመልስ ሲል ቀበሮ ሽታውን ተከትሎ ደረሰ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ማሰሮው ውስጥ ላስቀምጠው ነው። እማዬ ናት ያለችኝ።»

«ማሰሮ ይርበዋል እንዴ?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ሁልጊዜ ያስርበዋል። «አይርበውም።»

«አንተስ?»

«እኔማ ይርበኛል።»

«እንግዲያው ለተራበው ስጥ። እርሾ እንደሆነ ከጎረቤት አይጠፋም።»

ጭብጡ ከዳቦው ሊጥ ጋር ገባ። አያ ጅቦ ሊጡን በኮባ ጠቅልሎ ፍም ውስጥ ቀበረው። ሲወጣ ስምንት ቁራሽ ሆነ። እናት አንድ በላች፣ ቀበሮ ሦስት፣ አያ ጅቦ አራት።

«ጭብጡን አስቀመጥከው?» አለች እናቱ።

«አዎ እማዬ» አለ፣ አፉ እንደሞላ።

በአራተኛው ቀን ማሰሮውን ሲከፍት ባዶ ነው። አሥር ኮክ ከትፎ ያለ እርሾ ጋገረ። የወጣው ነገር ከጉልቻ አይለይም ነበር። ለእናቱ ሊያሳያት አፈረና ወንዙን ተሻግሮ ወደ እመት አህያ ሮጠ። እመት አህያ በሯን ሳትከፍት በቀዳዳ አየችው።

«እመት አህያ፣ እባክዎ አንድ ጭብጥ እርሾ ያበድሩኝ።»

«እህቴ ለአባትህ ጨው ልታበድር ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። እስካሁን አልተመለሰችም።»

«እኔ አይደለሁም የበላኋት።»

«ተበላች ማን አለ? እኔ አልተመለሰችም ነው ያልኩት።»

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። «ለእናቴ ነው። ለሆዴ አይደለም።»

እመት አህያ ጆሮዋን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። «እውነትህን እንደሆነ ከድምፅህ አውቄያለሁ። እናትህም ታሳዝነኛለች። ነገር ግን እርሾ የሚሰጠው በር ተከፍቶ ነው፤ እኔም ያለችኝ አንዲት ነፍስ ናት። ይልቅ ዱቄት በውሃ በጥብጠህ ሰባት ቀን አስቀምጠው፤ ራሱ እርሾ ይሆናል።»

«ኮኩ የቀረው አምስት ቀን ነው።»

«እሱን ለኮኩ ንገረው።»

አያ ጅቦ ዱቄቱን በጥብጦ ሰባት ቀን ማሰሮው ሥር ተቀመጠ፤ አልቀመሰውም። በሰባተኛው ቀን እርሾው አረፋ ደፈቀ። ወደ ዛፉ ሲሄድ የቀሩት አሥራ ስምንት ኮኮች መሬት ላይ በስብሰዋል፤ ጉንዳን ወርሷቸዋል።

እናቱ ማሰሮውን አሸተተች። «ጥሩ ቦክቷል። ለከርሞ ይሆናል» ብላ ዞራ ተኛች። ስለ ጭብጡ ሊጥ ዳግመኛ አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ይሻለው ነበር።

ክረምቱን አልተሻገረችም። ነሐሴ ላይ ሞተች።

በዓመቱ ዛፉ ሃምሳ ሁለት ኮክ ያዘ። አያ ጅቦ ጋገረ፤ ዳቦው ኩፍ ብሎ ወጣ። ስምንት ቦታ ቆረሰውና ፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። ቀበሮ መጥቶ ሰባቱን በላ፤ አያ ጅቦ ያየው ነበር። ቀበሮ ስምንተኛውን ሊያነሳ መዳፉን ሲዘረጋ ግን፦

«እሱን ተወው» አለው አያ ጅቦ።

«የማን ነው?»

አያ ጅቦ ቁራሹን አንስቶ እናቱ ትተኛበት በነበረው ቦታ አኖረው።

ከዚህ የምንማረው፣ እርሾ ለነገ መቀመጥ እንዳለበት፣ እናት ግን ለነገ እንደማትቀመጥ ነው።